«እንደ አለላ ብትሆን»፦ አለላ የቀለም ስም ነው ወይስ የስፌት?

የቡሬ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? አንድ ቃል አከራክሮን ነው የመጣሁት። ኢሳይያስ 1፡18ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። «ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች፤ እንደ ደምም ብትቀላ እንደ ባዘቶ ትጠራለች» ይላል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለን የጥናት ቡድን ግማሹ ሰው «አለላ ማለት ቀይ ነው፣ አለቀ» አለ። እናቴ ጋ ደውዬ ስጠይቃት ደግሞ «አለላማ ስፌት ላይ የሚገባው ነው፤ አረንጓዴም አለው፣ ወይን ጠጅም አለው» አለችኝ። ታዲያ የቀለም ስም ነው ወይስ የዕቃ? ተርጓሚዎቹስ ለምን በቀላሉ «እንደ ቀይ ቀለም» አላሉም? የምታውቁ አስረዱኝ። በተለይ ስፌት የምትችሉ እናቶችና እህቶች እንዳታልፉኝ።

ሙዳይ | ሰኞ፣ ማታ 3፡15
የቡሬ ልጅ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። የጥናት ቡድኑም ቢሆን ብዙ አልራቀም።

እኔ ያደግሁት ደጀን ነው፤ ስፌት የያዝኩት ገና ልጅ ሆኜ ነው። መሶብ ወይም ሰፌድ ሲሰፋ ውስጥ የሚገባው ስንደዶ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ልጃገረዶች ተሰብስበው ሜዳ ወርደው ይነቅሉታል። ላዩን እየተጠቀለለ የሚያስረው ደግሞ አክርማ ነው። በወስፌ ትወጊያለሽ፣ አክርማውን ታሳልፊያለሽ፣ ትስቢያለሽ። እንደዚያ እያልሽ ዙሩን ትቀጥያለሽ። አክርማው ሳይነከር ከተሰፋ መልኩ የገለባ ነው። የፈላ ቀለም ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ግን አክርማ መባሉ ይቀራል። ያን ጊዜ አለላ ይባላል።

ስለዚህ አለላ ቀለም የጠጣ ሣር ማለት ነው። አረንጓዴም፣ ሐምራዊም፣ ጥቁርም ሊሆን ይችላል። ግን እኛ ቤት «እስቲ አለላውን አቀብዪኝ» ከተባለ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ቀዩ ላይ ነበር። ሌላ ከተፈለገ «አረንጓዴውን አለላ» ተብሎ ይለያል። ቀዩ ግን አለላ ብቻ ነው። መሶብ ላይ ዓይን የሚስበውም እሱ ነው። መጽሐፉ «እንደ አለላ» ሲል እኔ ሌላ ቀለም ታይቶኝ አያውቅም።

ዘጌ | ሰኞ፣ ማታ 3፡32
እኛ ጋ ስንደዶውም ተሰንጥቆ ይነከራል። እሱንም አለላ ነው የምንለው። ሣሩ የትኛውም ይሁን፣ ስሙን የሚያወጣለት ቀለሙ ነው።

ተማሪው | ሰኞ፣ ማታ 4፡05
እትዬ ሙዳይ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ ያሉትን ይዤ ወደ ጥቅሱ ልመለስ።

ይህን ኃይለ ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አራት ነገር አለበት፦ አለላ፣ አመዳይ፣ ደም፣ ባዘቶ። አራቱም በእጅ የሚዳሰሱ፣ በዓይን የሚታዩ ናቸው። አመዳይ በደጋ አገር ሌሊት ሣሩ ላይ የሚጋገረው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጋይንት በኅዳር ማለዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ባዘቶ ደግሞ ፍሬው ወጥቶለት፣ ተዳምጦ፣ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ ነው። ዕብራይስጡ አመዳይ ባልነው ቦታ የሚለው በረዶ ነው፤ ያውም ከሰማይ እንደ ላባ የሚወርደውን፣ ምድር የሚያለብሰውን። ባዘቶ ያልነው ደግሞ እዚያ የበግ ጠጉር ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት አባቶች ግን የእኛ እናት ጠዋት በሯን ስትከፍት የምታየውን፣ ማታ ስትፈትል የምትይዘውን ነገር አስቀመጡልን።

እንግዲህ ነጩን በውርጭና በጥጥ ከመሰሉት፣ ቀዩንም በቤት ባለ ነገር መመሰል ነበረባቸው። ስፌት ከምትሰፋ ሴት አጠገብ ያለው ቀይ ምንድን ነው? አለላ። «እንደ ቀይ ቀለም» ቢሉ ኖሮ ሦስቱ በእጅ የሚነኩ ሆነው አንዱ ብቻ ባዶ ስም ይሆን ነበር። ለእኔ ይህ እጅግ የሚያስደስት ትርጉም ነው።

ከኪርያት ጋት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20
ሻሎም፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪው ያነሳው ሐሳብ ዕብራይስጡ ላይም ይሠራል፣ እንዲያውም የበለጠ።

በዕብራይስጥ የመጀመሪያው ቃል «ሻኒም» ነው። ነጠላው «ሻኒ» ይባላል። ሁለተኛው፣ እኛ «ደም» ያልነው፣ «ቶላ» ነው። ቶላ ማለት ትል ነው። መዝሙር 22 ላይ ዳዊት «እኔ ግን ትል ነኝ» ሲል ያው የዚህ ቃል ዘር ነው። በኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ መጋረጃ ሲነገር በአማርኛ «ቀይ ግምጃ» የሚባለው በዕብራይስጥ «ቶላዓት ሻኒ» ነው፤ የሻኒ ትል እንደማለት።

ትሉ እውነተኛ ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ የባሉጥ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ናት። ሴቷ እንቁላል ስትይዝ አብጣ ክብ ትሆንና ፍሬ ትመስላለች። ግሪኮች ፍሬ መስላቸው «ኮኮስ» አሏት። ኢሳይያስን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰዎችም እዚህ ቦታ ላይ የጻፉት ከዚያ የወጣውን «ኮኪኖን» የሚለውን ቃል ነው። ሰዎች እየለቀሙ ያደርቋታል፣ ይፈጯታል፣ ሱፍ ይነክሩባታል። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚህ እስራኤል ያሉ ተመራማሪዎች በይሁዳ ምድረ በዳ ካለ ዋሻ የተገኘች ቁራጭ ጨርቅ ይፋ አድርገዋል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ታንሳለች። ዕድሜዋ ወደ 3800 ዓመት ይጠጋል። ቀይ ክሯ የተነከረው በዚህች ነፍሳት ነው። ያቺ ዓይነት ነፍሳት ደግሞ እዚህ አገር አትገኝም፤ ስለዚህ ቀለሙ ወይም ክሩ ከሩቅ በንግድ የመጣ ነው።

እንግዲህ ሻኒም ቢሆን መጀመሪያ የተነከረ ክር ነው። ረዓብ በመስኮቷ ያንጠለጠለችው ቀይ ፈትልም ሻኒ ነው የተባለው። ዕብራይስጡ በተነከረ ሱፍ ተናገረ፣ አማርኛው በተነከረ ሣር መለሰ። ለእኔ ከብዙ ቋንቋ ትርጉም ይልቅ የአማርኛው ለዕብራይስጡ መንፈስ ይቀርባል።

የቡሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡58
ወይ ጉድ፣ ትል! ይሄንን ለቡድኑ ሳነብላቸው የሚሉት አይታወቅም። ግን ታዲያ አማርኛው ለምን «እንደ ትል ብትቀላ» አላለም?

ተማሪው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30
እኛ አገር ትል ቀይ ነው የሚል ሰው የለምና። ትል ሲባል የሚታየን ጎመን ላይ ያለው ወይም ቁስል ላይ ያለው ነው። እንደ ትል ብትቀላ ቢባል ሰሚው ግራ ይጋባል። ደም ግን የትም ደም ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ይኸው ምዕራፍ ሦስት ቁጥር ቀደም ብሎ «እጆቻችሁ ደም ተሞልተዋል» ይላል። ስለዚህ ደሙ ከምዕራፉ የወጣ አይደለም።

ጅዳ ነኝ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10
ሰላም ቤተሰብ። የትሏ ነገር ዓረብኛም ውስጥ አለ። እዚህ ደማቅ ቀይ «ቂርሚዚ» ይባላል። ቂርሚዝ የነፍሳቷ ስም ነው። ከፋርስኛው ጋር አንድ ነው፤ ዘሩ በሳንስክሪት ትል ከሚለው «ክርሚ» ይመዘዛል። እንግሊዞች «ክሪምሰን» የሚሉት ቀይ ከዚህ ነው የሄደው። «ቨርሚሊየን» የሚሉት ሌላው ቀያቸው ደግሞ ከላቲን «ትንሿ ትል» ከሚለው መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቀይን በትል ስም ሲጠራ የእኛ ሰው በሣር መጥራቱ ደስ ይላል።

ሌላም ልጨምር። በዓረብኛ ቀይ «አሕመር» ነው። የእኛ «ሐምራዊ» የዚያ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ሐ-መ-ረ ነው። እነሱ ጋ ቀይ ሆነ፣ እኛ ጋ ወደ ወይን ጠጁ አዘነበለ።

ልጅ እግር | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የእኔ እድሜ ልጆች፣ አዲስ አበባ ያደግነው እንኳ፣ አለላ ምን እንደሆነ አናውቅም። አመዳይም ባዘቶም እንደዚያው። መሶቡን ከሽሮ ሜዳ ነው የምንገዛው። ትርጉም ሰው እንዲገባው ከሆነ ለምን «ደማቅ ቀይ» ተብሎ አይስተካከልም? እንደ ቅርስ ብቻ መያዝ አለበት?

ሙዳይ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20
ልጄ፣ አለማወቅህ ጥፋትህ አይደለም፤ ያላሳየንህ እኛ ነን። ግን መሶቡን ከሽሮ ሜዳ ስትገዛ ያ ቀዩ አለላ ነው። በእጅህ ይዘኸዋል። የቀረህ ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ ዛሬ ያዝከው።

ተማሪው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50
ወንድሜ ልጅ እግር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን «ቀይ» የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። በአማርኛ ቀይ በጣም ሰፊ ነው። ቀይ ጤፍ እንላለን፤ ቡናማ ነው። ቀይ ሽንኩርት እንላለን፣ ቀይ ሥር እንላለን፤ ሁለቱም ወደ ሐምራዊ ነው የሚያደሉት። ሰሜንና ባሌ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ የዛገ ብረት ዓይነት መልክ ነው ያለው። ቀይ አፈር አለ። ቀይ ወጥ አለ፤ ያም በርበሬ ገባበት፣ አልጫ አይደለም ማለት ነው። ሰውን «ቀይ ነው» ስንል ደግሞ ፊቱ ደም መሰለ ማለታችን አይደለም። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን የምንለይበት የመልክ ስም ነው።

ስለዚህ «ኃጢአታችሁ ቀይ ብትሆን» ቢባል የትኛው ቀይ ነው? የጤፉ ነው? የአፈሩ ነው? አለላ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ የተነከረ፣ የጠለቀ፣ ታጥቦ የማይለቅ። የጥቅሱ ፍሬ ነገር ያ ነው። አክርማ አንዴ ከተነከረ ወደ ገለባነቱ አይመለስም። እግዚአብሔር ግን «እኔ እመልሰዋለሁ» እያለ ነው። ቃሉን «ደማቅ ቀይ» ብለህ ከቀየርከው ይህ ይጠፋል። የግርጌ ማብራሪያ ይጨመር ብትል ግን እኔም እስማማለሁ።

ከኪርያት ጋት | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30
የመልኩ ነገር እኛን በጣም ነክቶናል። ወላጆቻችን ጎንደር ሳሉ ራሳቸውን ቀይ፣ ጠይም እያሉ ይጠሩ ነበር። እዚህ ሲመጡ ሁሉም ሰው በአንድ ቃል «ሻሖር» ተባለ፤ ጥቁር ማለት ነው። ቀይ ነኝ የሚለውን ወደ ዕብራይስጥ ብትመልሰው «አዶም» ይሆናል፤ ሰሚው ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ነው የሚመስለው። ሽማግሌዎቻችን በዚህ ምን ያህል እንዳዘኑ እኔ አይቻለሁ።

ጅዳ ነኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52
የጥንት ዓረቦችም እንደኛ ነበሩ እኮ። በሐዲስ «ወደ ቀዩም ወደ ጥቁሩም ተላክሁ» የሚል አለ። የሰው ልጅ በሙሉ ማለት ነው። ቀይ ያሉት መልኩ ፈካ ያለውን ሰው ነው። እኛ ብቻ አይደለንም።

ፊደል ቤት | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05
ዘግይቼ ገባሁ፤ ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ጥቅሱ «ብትቀላ» ይላል። ቅጽሉ ቀይ ነው፣ ግሡ ቀላ ነው። «ል» ከየት መጣ? ይህን የጠየቀ ሰው አለ?

ቀይ የግዕዙ «ቀይሕ» ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ ሐ-ዋን ጠብቆ «ቀይሕ» ይላል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስለጣለ ቀይ ብቻ ቀረ። ሰምዐ ሰማ እንደሆነው፣ በልዐ በላ እንደሆነው፣ ጸብሐ ጠባ እንደሆነው ማለት ነው። እስከዚህ ግልጽ ነው። ግን የግዕዙ ግሥ «ቄሐ» ነው፤ ል የሚባል ነገር የለበትም።

አሁን ነጭን እዩ። ቅጽሉ ነጭ፣ ግሡ ነጣ። ጥ ወደ ጭ ለሰለሰ። አማርኛ ይህን ሁሌ ያደርገዋል፦ ለወንድ «ምረጥ»፣ ለሴት «ምረጭ»። በዚያው ሕግ ል ወደ ይ ይለሰልሳል፦ ለወንድ «ክፈል»፣ ለሴት «ክፈይ»። ገደለ ካለ «ገዳይ»፣ ሰቀለ ካለ «ሰቃይ» የሚሆነውም ለዚህ ነው። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ አባቶቻችን «ቀይ» የሚለውን ሲሰሙ ይ-ውን የለሰለሰ ል አድርገው ወሰዱት። ነጭ ከነጣ ከሆነ፣ ቀይም ከቀላ ነው ብለው ግሡን በነጣ አምሳል አበጁት። ነጣና ቀላ፣ ነጭና ቀይ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ልክ መንታ ናቸው።

ነጣ ራሱ ደግሞ «ነጽሐ» ከሚለው ግዕዝ ጋር ዘመድ ነው፤ ንጹሕ የምንለው። እና ጥቅሱ «ትነጻለች» ሲል ንጹሕ ትሆናለች ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ነጭነትም አለበት። ይህ በአማርኛ ብቻ የሚሰማ ነገር ነው። ዕብራይስጡ እዚህ ቦታ የሚጠቀመው ግሥ ነጭ መሆንን ብቻ ነው የሚናገረው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የራሳቸው ሙሉ ግሥ ያላቸው የአማርኛ ቀለሞች ሦስት ናቸው፦ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ቀላ። ቢጫ ግሥ የለውም። አረንጓዴም የለውም። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና የተሰጠ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በርሊንና ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን የብዙ ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አነጻጽረው ነበር። ከጥቁርና ከነጭ ቀጥሎ ስም የሚያገኘው ቀለም ቀይ ነው ብለዋል። የእኛ ሦስት ግሦች ያንኑ ይናገራሉ።

የቡሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40
ፊደል ቤት፣ ምረጭና ክፈይ ስትለኝ ጭንቅላቴ በራ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው።

የመሖኒ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡15
ሰላም ኩላትኩም። እኛ አዎ፣ ቀይሕ ነው የምንለው። ግን እኔን ያስገባኝ የትሏ ወሬ ነው። የዚያችን ዘመድ እኛ በዓይናችን አይተናታል፣ ዋጋም ከፍለንባታል።

እስፓኞች በ16ኛው መቶ ዘመን ሜክሲኮ ሲደርሱ ቁልቋል ላይ የምትኖር ሌላ ቀይ ነፍሳት አገኙ። ኮቺኒል ትባላለች። ቀለሟ ከአሮጌዋ ትል እጅግ የበረታ ስለሆነ የአውሮፓን ገበያ ወረሰች። አንድ ኪሎ የደረቀ ምርት ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት ይለቀማሉ። የእኛ በለስ ያው የሜክሲኮ ቁልቋል ነው። እናም እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ቀለም አምርቶ ለመሸጥ ተብሎ ነፍሳቷ ወደ ትግራይ ገባች። ሐሳቡ ገበሬው ገቢ እንዲያገኝ ነበር። ገበያው ሳይሆን ቀረ፤ ነፍሳቷ ግን በነፋስም በከብትም እየሄደች በደቡብ ትግራይ በለሱን ወረረችው። ነጭ ብናኝ መስላ ቅጠሉ ላይ ትለጠፋለች። በጣትህ ብትጫናት ደም የመሰለ ይወጣል። ለሰውም ለከብትም የክረምት ስንቅ የነበረው በለስ በብዙ ቀበሌ ደረቀ። ለእኛ ቤት በለስ ፍራፍሬ ብቻ አልነበረም፤ እህል እስኪደርስ ድረስ የሚያሻግር ነበር። ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው።

ልጅ እግር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡38
በጣም ያሳዝናል ወንድሜ። ቀለሙ ምግብ ውስጥም ይገባል የሚባለው እውነት ነው? በጾም ከረሜላ የምንበላ ሰዎች አለን።

የመሖኒ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50
እውነት ነው። ካርሚን ይባላል። ማሸጊያው ላይ «ካርሚን» ወይም «ኢ120» የሚል ካየህ እሱ ነው። ቀይ የሆነ ሁሉ ግን ካርሚን አይደለም። ከቀይ ሥር የሚወጣ ቀለም አለ፣ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ለጾሙ የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ዘጌ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡25
እትዬ ሙዳይ፣ አንድ ጥያቄ ይቅርታ። ድሮ የፋብሪካ ቀለም ሳይመጣ እናቶች ቀዩን በምን ያወጡ ነበር? ደግሞ ባለፈው የገዛሁት መሶብ እንጀራዬን ቀይ አደረገብኝ። ምን ላድርገው?

ሙዳይ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00
የድሮውን ሁሉ አላየሁም፤ ያየሁትን ልንገርህ። ሴቶች ለሠርግና ለዓመት በዓል እጅና እግራቸውን እንሶስላ ይሞቁ ነበር። ሥሩ ይወቀጣል፣ ቀይ ይወጣል። ከሥር፣ ከቅጠል፣ ከልጥ ቀለም ማውጣት ለእናቶቻችን የተለመደ ሥራ ነበር። እኔ ከደረስኩ በኋላ ግን ለአለላ ከገበያ የሚመጣው ዱቄት ነው የተለመደው።

የለቀቀብህ ሰፊዋ አለላውን ሳታለቅልቅ ስለሰፋችው ነው። ከቀለሙ ከወጣ በኋላ ውሃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። ከዚያ ጥላ ላይ ይሰጣል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ለሽያጭ ሲቸኩሉ ይህን ያልፉታል።

አሁን የተሰፋውን ውሃ ውስጥ አትንከረው፤ ይባስ ይለቅና ቅርጹም ይበላሻል። በትንሹ የረጠበ ነጭ ጨርቅ ያዝና ውስጡን ጥረግ። ጨርቁ ቀይ መያዝ እስኪያቆም ድረስ ጨርቅ እየቀየርክ ድገመው፤ በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። እንጀራ ስታስቀምጥ ደግሞ ትኩሱን አታስገባ። እንፋሎቱ ነው ቀለሙን የሚያወጣው። ቀዝቀዝ ሲል፣ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈህ አስቀምጥ። ክዳኑ ላይ ያለው አለላ ምንም አይሆንም፤ እሱን አትንካው።